የመኪና ኮምፒውተር ማንበቢያ አመራረጥ፦ ከስልክ አስማሚ እስከ ጋራዥ ታብሌት

የቼክ ኢንጅን መብራት በርቶ «የትኛው ስካነር ይሻላል?» ሲባል የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ የብራንድ ስም ነው። ብራንድ ግን መጨረሻ ላይ የሚታይ ነገር ነው። ቀድሞ መታወቅ ያለበት መኪናው የየትኛው ዘመንና የየትኛው ገበያ ምርት እንደሆነ፣ ከውስጡ ካሉት ኮምፒውተሮች የትኛውን ማነጋገር እንደተፈለገ፣ እንዲሁም መሣሪያው ማንበብ ብቻ ይበቃው እንደሆነ ወይስ ትእዛዝም መስጠት እንዳለበት ነው። ዋጋውንም ጥቅሙንም ለሁለት የሚከፍለው ይህ የመጨረሻው ነው። ካርቶኑ ላይ «ሁሉንም መኪና ያነባል» የሚል መሣሪያ ብዙ ጊዜ አይዋሽም። ሁሉንም ያነባል፤ ግን ከእያንዳንዱ መኪና የሞተሩን ኮምፒውተር ብቻ፣ ያውም ሕግ ያስገደደውን ያህል።

ሕግ ያስከፈተውና ፋብሪካው የያዘው

ኦቢዲ 2 የሚባለው ደረጃ የወጣው የጭስ ብክለትን ለመቆጣጠር ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ በቤት መኪኖችና በቀላል የጭነት መኪኖች ላይ ግዴታ ሆነ፤ በአውሮፓ ለአዳዲስ የቤንዚን መኪኖች ከ2001፣ ለናፍጣዎቹ ከ2004 ጀምሮ ተከተለ። ከ2008 ሞዴል ወዲህ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ መኪና ካን በተባለው የኮምፒውተሮች መገናኛ መስመር እንዲነጋገር ተደንግጓል። የሕጉ ጉዳይ ጭስ ስለሆነ ማንኛውም ርካሽ ማንበቢያ የሚያገኘውም ጭስን የሚነካውን ነው፦ የሞተሩን ኮዶች፣ ከካምቢዮው ጥቂቶቹን፣ የሴንሰሮቹን ወቅታዊ ንባብ፣ ብልሽቱ በተመዘገበበት ቅጽበት የተያዘውን ፍሪዝ ፍሬም፣ መኪናው በራሱ ላይ የሚያደርጋቸው ምርመራዎች መጠናቀቅ አለመጠናቀቃቸውን። ኤቢኤስ፣ ኤርባግ፣ መሪ፣ በርና መስኮት የየራሳቸው ኮምፒውተር አላቸው፤ የሚናገሩት ግን ፋብሪካው ባወጣላቸው ቋንቋ ነው።

ክፍፍሉ ኮዱ ላይም ይታያል። የመጀመሪያው ፊደል ፒ ከሆነ ሞተርና ካምቢዮ፣ ሲ ከሆነ ፍሬን፣ መሪና የእግር ክፍል፣ ቢ ከሆነ ቦዲና ኤርባግ፣ ዩ ከሆነ ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ የሚገናኙበት መስመር ነው። ከፊደሉ ቀጥሎ 0 ከመጣ ኮዱ በሁሉም ብራንድ አንድ ትርጉም አለው፤ ፒ0301 የትም ቢሆን የአንደኛው ሲሊንደር ሚስፋየር (ነዳጁ በአግባቡ አለመቃጠል) ነው። 1 ከመጣ ግን የፋብሪካው የራሱ ኮድ ነው፤ አንድ ቁጥር በሁለት ብራንዶች ሁለት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል። ርካሽ ማንበቢያ ፒ1 ብሎ በሚጀምር ኮድ ላይ የሚያወጣውን ማብራሪያ ሳያጣሩ ዕቃ አይግዙ።

አንድ ወጥመድ እዚህ አለ። ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩ የቆዩ መኪኖች ባለ 16 ቀዳዳውን ሶኬት ይዘው ኦቢዲ 2 የማይናገሩ ሞልተዋል። ሶኬቱ ልክክ ብሎ ይገጥማል፣ መሣሪያው መብራት ያገኛል፣ ከዚያ «መኪናው አልተገኘም» ይላል። መሣሪያው ተበላሽቷል ተብሎ ይመለሳል፤ ጥፋቱ ግን የእሱ አይደለም።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ከመሪው ሥር ጎንበስ ብሎ ሶኬቱን በስልክ መብራት ማየት ያዋጣል። ሰፊው ጎን ወደ ላይ ሆኖ ፊት ለፊት ሲታይ የላይኛው ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ ከ1 እስከ 8፣ የታችኛው ከ9 እስከ 16 ይቆጠራል። 16ኛው የባትሪው ፖዘቲቭ ነው፤ ቁልፍ ቢጠፋም ኃይል አለው። 4ኛውና 5ኛው ማሳ (ኔጌቲቭ) ናቸው። 6ኛውና 14ኛው ቀዳዳ ውስጥ ብረት ካለ መኪናው ካን ይዟል፤ ማንኛውም ደህና ማንበቢያ ይግባባዋል ማለት ይቻላል። 7ኛው ብቻ ካለ ኬ-ላይን የተባለው የቀድሞው መስመር ነው፤ ይህ ግን በጃፓን ገበያ መኪኖች ላይ ዋስትና አይሆንም። 2ኛው ላይ ብረት ካለ ደግሞ የቆየ የአሜሪካ ሥሪት ሳይሆን አይቀርም። ከኃይልና ከማሳ በስተቀር ከእነዚህ አንዱም ከሌለ የብራንዱን ቋንቋ የሚያውቅ መሣሪያ ይፈለጋል፤ አጠቃላይ ማንበቢያ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ከስልክ ጋር የሚሠራው አስማሚ

ርካሹ መንገድ ሶኬቱ ላይ ተሰክቶ በብሉቱዝ ወይም በዋይፋይ ከስልክ ጋር የሚገናኝ አስማሚ ነው። አብዛኞቹ ላይ ኢኤልኤም327 ተብሎ ተጽፏል። ኢኤልኤም327 ኤልም ኤሌክትሮኒክስ የተባለ የካናዳ ኩባንያ የሠራው ቺፕ ነበር፤ የመጀመሪያው እትም ከመቀዳት መከላከያ ስላልነበረው ተቀድቶ ገበያውን አጥለቀለቀ፤ ኩባንያው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2022 ተዘግቷል። እናም ዛሬ በዚህ ስም የሚሸጠው ከሞላ ጎደል ሁሉም ቅጂ ነው። በላዩ የተጻፈውን የእትም ቁጥር አይመኑ፤ 1.5 የሚባል እትም ኩባንያው ጭራሽ አውጥቶ አያውቅም፣ ግን በየመደብሩ አለ።

መጥፎ ቅጂ የሚታወቀው በሥራ ላይ ነው። አጭር መልስ ይቀበልና ረጅም መልስ ሲመጣ ይቆርጠዋል፤ ስለዚህ ኮዱን አንብቦ የሻንሲ ቁጥሩን ማውጣት ያቅተዋል ወይም ቁጥሩን ጎድሎ ያሳያል። አንዳንዱ ለኬ-ላይን የሚያስፈልገው ሰርኪዩት ጨርሶ ስላልተገጠመለት በአዲስ መኪና ላይ ሠርቶ በአሮጌው ላይ እምቢ ይላል። የቺፑን ትእዛዞች አንድ በአንድ ሞክረው ስንቱን እንደሚያውቅ የሚናገሩ ነፃ መተግበሪያዎች አሉ። ዕቃውን መመለስ በሚቻልበት ጊዜ ውስጥ መሞከር ነው። ትንሽ ጨመር አድርጎ ኦቢዲሊንክ ወይም የቪጌት አይካር ፕሮ ዓይነቱን የገዛ ከዚህ ጣጣ አብዛኛውን ያመልጣል።

ብሉቱዝ ይሁን ዋይፋይ የሚለውን የሚወስነው ስልኩ ነው። አንድሮይድ ስልክ ከተለመደው ብሉቱዝ ጋር ይሠራል፤ ሲያጣምሩት የሚጠይቀው ቁጥር 1234 ወይም 0000 ነው። አይፎን ይህን የተለመደ ብሉቱዝ አስማሚ አይቀበልም፤ ዋይፋይ ወይም ዝቅተኛ ኃይል የሚጠቀመው ብሉቱዝ 4.0 ያስፈልገዋል። የብሉቱዝ 4.0 አስማሚ ደግሞ ከስልኩ ሴቲንግ ውስጥ አይጣመርም፤ ቀጥታ መተግበሪያው ውስጥ ገብቶ መምረጥ ነው። «ስልኬ አያገኘውም» ከሚሉት ብዙዎቹ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ዋይፋዩ ሲሆን መተግበሪያው ውስጥ አድራሻው 192.168.0.10፣ ፖርቱ 35000 ተብሎ ይሞላል፤ ስልኩ አስማሚውን እንደ ኢንተርኔት መስመር ስለሚቆጥረው በዚያው ጊዜ ስለ ኮዱ ኢንተርኔት ላይ መፈለግ አስቸጋሪ ይሆናል።

ከመተግበሪያዎቹ ቶርክ፣ ካር ስካነርና ኦቢዲ ፊውዥን የታወቁት ናቸው። የፍጥነት ወሰናቸውን ማወቅ ግን ተገቢ ነው። ካን በአብዛኛው በሰከንድ 500 ኪሎቢት ሲሄድ ኬ-ላይን 10.4 ብቻ ነው። በኬ-ላይን መኪና ላይ አሥራ ሁለት ንባብ በአንድ ጊዜ ከተከፈተ እያንዳንዱ ቁጥር የሚታደሰው ዘግይቶ ነው፤ ፈጥኖ የሚለዋወጠውን የኦክስጅን ሴንሰር በዚያ መንገድ ማየት ከንቱ ነው። ሦስት ወይም አራት ብቻ መርጦ መክፈት ይሻላል።

አስማሚውን ሰክቶ መተው ሌላው ስህተት ነው። 16ኛው ፒን ሁሌም ኃይል ስላለው 50 ሚሊአምፔር የሚስብ አስማሚ በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት ይበላል፤ ባለ 45 አምፔር ሰዓት ባትሪ የያዘ የቆመ መኪና በ19 ቀን ገደማ ግማሹን አጣ ማለት ነው። በዚያ ላይ የይለፍ ቁጥሩ 1234 የሆነ በር ክፍት ተትቶ ይታደራል።

በእጅ የሚያዘው ኮድ ማንበቢያ፣ እና ላይቭ ዳታ ለምን እንደሚያስፈልግ

ገመድና ስክሪን ያለው፣ ኃይሉን ከሶኬቱ የሚወስድ ትንሽ መሣሪያ ነው። ከአስማሚ የሚበልጠው በአስተማማኝነቱ ነው፦ ማጣመር የለ፣ መተግበሪያ ማደስ የለ፣ ይሰካል ያነባል። ስልኩ ከአስማሚ ጋር ለሚጨቃጨቅበት ሰው ወይም መኪናውን ብዙ ሰው ለሚነዳበት ቤት ይህ ይሻላል። ከዚህ መደብ አንድ ዓይነት ግን ጨርሶ አይግዙ፦ ኮድ አንብቦ ከማጥፋት ሌላ የማያውቀውን። ላይቭ ዳታ (የሴንሰሮቹን ወቅታዊ ንባብ)፣ ፍሪዝ ፍሬም፣ ገና ያልጸኑ ኮዶችንና የራስ ምርመራዎቹን ሁኔታ የማያሳይ ማንበቢያ ለዕቃ ሻጭ የሚጠቅም መሣሪያ ነው።

ምክንያቱን ፒ0171 ላይ ማየት ይቻላል። ትርጉሙ «አንደኛው ባንክ ላይ ነዳጅ አንሷል፣ አየር በዝቷል» ነው፤ አንደኛ ባንክ የሚባለው አንደኛው ሲሊንደር ያለበት ጎን ነው። ኮዱን ብቻ ያየ ሰው የኦክስጅን ሴንሰር ገዝቶ ይቀይራል። ሴንሰሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያየውን የተናገረ ምስክር ነው። ላይቭ ዳታ ያለው ሰው ሞተሩን አሙቆ ፊውል ትሪም የሚባሉትን ሁለት ቁጥሮች፣ የአጭሩንና የረጅሙን፣ ይከፍትና ይደምራቸዋል። ድምሩ በሁለቱም አቅጣጫ እስከ 10 በመቶ ድረስ ከሆነ ጤነኛ ነው። ፕላስ ማለት ኮምፒውተሩ ነዳጅ እየጨመረ ነው ማለት ነው።

በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲሠራ) ላይ ድምሩ ፕላስ 22 ሆኖ ሞተሩ በደቂቃ 2500 ዙር ላይ ሲያዝ ወደ ፕላስ 4 ከወረደ ከአየር መለኪያው በኋላ አየር የሚያስገባ ክፍተት አለ። በሚኒሞ ሞተሩ የሚስበው አየር ትንሽ ስለሆነ በክፍተቱ የሚገባው ከጠቅላላው ትልቅ ድርሻ ይይዛል፤ ዙሩ ሲጨምር ድርሻው ይሟሟል። የተሰነጠቀ የቫኪዩም ቱቦ፣ የአየር ማስገቢያው ጋስኬት፣ ወደ ፍሬን ሰርቮ የሚሄደው ቱቦ ይፈተሻሉ። ነገሩ ተገልብጦ በሚኒሞ ደህና ሆኖ ጭነት ሲመጣ ወደ ፕላስ 20 ከወጣ ክፍተት መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው፤ የደከመ የነዳጅ ፓምፕ፣ የተዘጋ ፊልትሮ ወይም የቆሸሸ አየር መለኪያ ነው የሚጠረጠረው። አየር መለኪያው በሞቀ ሞተር ሚኒሞ ላይ በሰከንድ የሚያሳየው ግራም ከሞተሩ ሊትር ቁጥር ጋር መቀራረብ አለበት፤ ባለ 1.8 ሊትር ሞተር ላይ 0.9 ካሳየ እዚያው መቆም ነው። ፒ0171 ከፒ0174 ጋር አብሮ ከመጣ ደግሞ ሁለቱም ባንኮች አንድ ላይ ታመዋልና ምክንያቱ ሁለቱን በሚያገናኝ ቦታ ይፈለጋል።

ፍሪዝ ፍሬሙ እዚህ ላይ ግማሹን ሥራ ይሠራል። ኮዱ የተመዘገበው በ700 ዙር ነው ወይስ በ3200? ውሃው 88 ዲግሪ ደርሷል ወይስ ገና 30 ላይ ነበር? ኮዱን ያጠፋ ሰው ይህንንም አብሮ ያጠፋዋል። ስለዚህ ከማጥፋት በፊት ስክሪኑን በስልክ ፎቶ ማንሳት ልማድ ይሁን። ማጥፋት የራስ ምርመራዎቹንም ወደ «አልተጠናቀቀም» ይመልሳል፤ የጭስ ፍተሻ ያለበት መኪና በማግስቱ ቢቀርብ ሊመለስ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2010 አካባቢ ጀምሮ በወጡ የአሜሪካ ገበያ መኪኖች ላይ ቋሚ የሚባሉት ኮዶች በመሣሪያ አይጠፉም፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ጥገናውን ካላረጋገጠ አይለቃቸውም። ይህ ያገለገለ መኪና ለሚገዛ ሰው ትልቅ መረጃ ነው፦ ኮድ የለም፣ ምርመራዎቹ ግን አንዳቸውም አልተጠናቀቁም ከሆነ ኮዱ በቅርቡ ጠፍቷል ወይም ባትሪው ተነቅሏል።

ፒ0420ም ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ ኮድ ነው፤ ካታላይዘሩ (ጭሱን የሚያጣራው ክፍል) ደክሟል ይላል። ከመቀየር በፊት ከካታላይዘሩ በኋላ ያለውን የኦክስጅን ሴንሰር በግራፍ ይክፈቱት። መኪናው ሞቆ በእኩል ዙር ሲያዝ ከ0.6 እስከ 0.7 ቮልት አካባቢ ረግቶ ከቆመ ካታላይዘሩ ሥራውን እየሠራ ነው፤ ከ0.1 እስከ 0.9 ከወዲያ ወዲህ ከዘለለ ጥርጣሬው ይጸናል። ከሴንሰሩ በፊት የጭስ ቱቦ ቀዳዳ እንደሌለ ግን መጀመሪያ መታየት አለበት፤ በቀዳዳው የሚገባ አየር ሴንሰሩን ያሳስተዋል።

ኤቢኤስና ኤርባግ የሚጨምሩት መካከለኞች

እዚህ መደብ ውስጥ ነው ገዢ በብዛት የሚታለለው። ሳጥኑ ላይ ሃያ ወይም ሠላሳ የአገልግሎት ተግባር ይዘረዘራል፦ የዘይት ማሳሰቢያ ማጥፋት፣ የመሪ አንግል ማስተካከል፣ የኤቢኤስ አየር ማስወጣት፣ የኤሌክትሪክ እጅ ፍሬን መልቀቅ፣ አዲስ ባትሪ ማስመዝገብ። ተግባሩ መሣሪያው ውስጥ አለ ማለት ግን በእርስዎ መኪና ላይ ይሠራል ማለት አይደለም። አምራቾቹ በድረ ገጻቸው ላይ በመኪና ሞዴል፣ በዓመትና በሞተር ዓይነት የተከፋፈለ የሽፋን ሠንጠረዥ ያወጣሉ። ከመግዛት በፊት የሚፈልጉትን አንድ ተግባር በራስዎ መኪና መስመር ላይ ይፈልጉት። ካልተጻፈ የለም ብለው ይውሰዱት።

ይህን መደብ የግድ የሚያደርገው ሥራ አንድ ነው ብንል የኤሌክትሪክ እጅ ፍሬን ነው። የኋላ ፍሬን ሸራ ሲቀየር ፒስተኑን የሚያስገባው ሞተር በኮምፒውተር ትእዛዝ ወደ ኋላ መመለስ አለበት። በእጅ መሣሪያ ተገፍቶ እንዲገባ ከተደረገ በውስጡ ያለው ማርሽ ወይም ሞተር ይሰበራል፤ የሸራ ቅየራ ወደ ካሊፐር ግዢ ይቀየራል። በብዙ የቅርብ ዘመን ጀርመን መኪኖች ላይ ደግሞ ባትሪ ሲቀየር ለኮምፒውተሩ ካልተነገረ አዲሱን ባትሪ እንደ አሮጌው አድርጎ መሙላቱን ይቀጥላል፤ ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

የኤርባግ ኮድ ማንበብና ማጥፋት የሚችል መሣሪያ ባለቤትነት ኤርባግ ለመነካካት ፈቃድ አይደለም። ቢጫውን ሶኬት ከመንቀል በፊት ባትሪውን ፈትቶ ፋብሪካው ያዘዘውን ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። ቁልፉ ተከፍቶ ሶኬቱን መንቀል ደግሞ ራሱ አዲስ ኮድ ይወልዳል።

ትእዛዝ የሚሰጡት ታብሌቶች

ኦቴል፣ ላውንች፣ ቶፕዶን፣ ቲንክካርና ኤክስቱል በዚህ መደብ የሚታወቁ ስሞች ናቸው። ሜኑው ውስጥ «አክቲቭ ቴስት» የሚለው ክፍል ነው ዋጋቸው። ማንበቢያ ሲያዳምጥ ይህ ደግሞ ያዛል።

ሞተሩ የሚሞቅ፣ የራዲያተሩ ቬንትሌተር የማይነሳ መኪና እንውሰድ። ማንበቢያ ውሃው 108 ዲግሪ መድረሱን ያሳያል፤ ከዚያ በኋላ ሽቦ በሽቦ መከተል ነው። ታብሌቱ ግን ቬንትሌተሩን እንዲያስነሳ ኮምፒውተሩን ያዘዋል። ከተነሳ ሞተሩ፣ ሪሌው፣ ፊውዙና ሽቦው በአንድ ጊዜ ንጹሕ ወጡ፤ ጥርጣሬው ኮምፒውተሩ ራሱ ለምን እንዳላዘዘ ወደሚለው ዞረ። ካልተነሳ ሪሌው ጠቅ ሲል መስማት ነው፦ ጠቅ ብሎ ካልዞረ ችግሩ ከሪሌው ወዲያ ነው፤ ጠቅ ካላለ ከሪሌው ወዲህ። አንድ ሲሊንደር የማይሠራ ሲመስል ኢንጀክተሮቹን በተራ ማጥፋትም እንዲሁ ነው፤ ሲጠፋ ዙሩን የማይቀንሰው ሲሊንደር ቀድሞም አልሠራም ነበር። ፒ0303 ከወጣ ሦስተኛውን ኮይል ከሁለተኛው ጋር ቀያይሮ ኮዱ ወደ ፒ0302 ይዛወር እንደሆነ ማየት ግን ታብሌት አይጠይቅም፤ ብዙ የሚስፋየር ጉዳይ በርካሹ ማንበቢያና በአንድ ቁልፍ ያልቃል።

ታብሌት ሲመረጥ ከስክሪኑ ስፋት በፊት የሚጠየቁ ነገሮች አሉ። የማደሻ ክፍያው ሲያልቅ መሣሪያው በያዘው ሶፍትዌር ይቀጥላል ወይስ የተወሰነውን ይዘጋል? በአምራቾችም በሞዴሎችም ይለያያል፤ በጽሑፍ ይጠየቅ። ለአንድ ገበያ የተሠራ ታብሌት በሌላ አካባቢ መመዝገብ ወይም መታደስ ሊከለክል ይችላል፤ በርካሽ የተገኘ «የውጭ እትም» በዚህ ምክንያት ነው ብዙ ጊዜ የሚረክሰው። አዳዲስ መኪና የሚሠራ ሰው መሣሪያው ካን ኤፍዲና ዶአይፒ የተባሉትን አዳዲስ መስመሮች መያዙን ያረጋግጥ፤ እነዚህ በማደስ አይመጡም፣ ሃርድዌር ናቸው።

የደኅንነት በሩም አለ። ክራይስለር፣ ጂፕ፣ ዶጅና ፊያት እ.ኤ.አ. ከ2018 አካባቢ ጀምሮ ሴኪዩሪቲ ጌትዌይ የሚባል ሞጁል ያስገባሉ፤ ኮድ ማንበብ ይፈቅዳል፣ ማጥፋትና ማዘዝ ግን የተመዘገበ መለያ ይፈልጋል። ቮልስዋገን ግሩፕም ኤስኤፍዲ የተባለ ተመሳሳይ ቁልፍ አለው። መሣሪያው እነዚህን በሕጋዊ መለያ የሚከፍት ካልሆነ በነዚህ መኪኖች ላይ ውድ ማንበቢያ ሆኖ ይቀራል።

አንድ ብራንድ ብቻ ላለው ሰው

ቤት ውስጥ ያሉት መኪኖች ሁሉ የአንድ ፋብሪካ ከሆኑ ታብሌቱን መተው ነው የምንመክረው። የብራንዱን ሶፍትዌር የሚያሄድ ላፕቶፕና ደህና ገመድ በአነስተኛ ወጪ ጠለቅ ብሎ ይገባል። ለፎርድና ለቆዩ ማዝዳዎች ፎርስካን አለ፤ ብዙዎቹ መኪኖች ሁለት የካን መስመር ስላላቸው በሁለቱ መካከል የሚቀያይር አስማሚ ያስፈልገዋል። ለቮልስዋገን፣ አውዲ፣ ሽኮዳና ሴያት ሮስ-ቴክ የሚያወጣው ቪሲዲኤስ የታወቀ ነው። ለቶዮታና ሌክሰስ ቴክስትሪም ነው።

የዚህ መንገድ ዕዳ ማዋቀሩ ነው። በርካሽ የሚሸጡ ቅጂ ገመዶች ከተሰረቀ ሶፍትዌር ጋር በሲዲ ይመጣሉ፤ ድራይቨራቸው በአዲስ ዊንዶውስ ላይ አልጫን ይላል፣ ሲዲው ውስጥ ቫይረስ ሊኖር ይችላል፣ ሶፍትዌሩ ሲታደስም ገመዱ ሥራ ሊያቆም ይችላል። ኮምፒውተር ማዋቀር የሚያስመርረው ሰው በዚህ በኩል ባይመጣ ይሻላል።

ኮምፒውተሩን እንደገና ፕሮግራም ማድረግ የተለየ ሥራ ነው። ጄ2534 የሚባለው መሣሪያ የፋብሪካውን ሶፍትዌር ከፋብሪካው ሰርቨር ወደ መኪናው ያሻግራል። አደጋው ኤሌክትሪክ ነው፤ ሥራው መሃል ላይ ሳለ ቮልቱ ከወረደ ኮምፒውተሩ ግማሽ ተጽፎ ይቀርና መኪናው አይነሳም። ቮልቱን 13.5 አካባቢ አጽንቶ የሚይዝ ደጋፊ ያስፈልጋል። ተራ የባትሪ ቻርጀር ቮልቱን ከፍ ዝቅ ስለሚያደርግ አይተካውም።

ለከባድ መኪናዎች ከላይ የተባሉት አብዛኞቹ አይሆኑም። ብዙዎቹ ባለ 9 ፒን ክብ ሶኬትና ጄ1939 የተባለ ቋንቋ ይጠቀማሉ፤ ኤሌክትሪካቸውም ብዙ ጊዜ 24 ቮልት ነው። ለ12 ቮልት የተሠራ አስማሚ በመቀየሪያ ገመድ ቢሰካባቸው ሊቃጠል ይችላል።

አልገናኝ ሲል

አዲሱ መሣሪያ ጨርሶ ካልበራ በመልቲሜትር 16ኛውንና 4ኛውን ፒን ይለኩ። የመለኪያውን ሹል ጫፍ ቀዳዳው ውስጥ አይጠቅጥቁ፤ ብረቱ ከተከፈተ በኋላ ማንኛውም መሣሪያ እየነካ እየለቀቀ ያስቸግራል፤ አፉ ላይ ማስነካት ይበቃል። ከ12 ቮልት በላይ ማሳየት አለበት። ዜሮ ከሆነ ፊውዝ ተቃጥሏል፤ በብዙ መኪኖች የዚህ ሶኬት ፊውዝ ከሲጋራ መለኮሻው ጋር የጋራ ነው፤ ስለዚህ የስልክ ቻርጀሩም አልሠራ ካለ መልሱ ተገኘ።

በርቶ ካልተገናኘ ቁልፉ ሞተሩ ባይነሳም እስከ ክሩስኮቱ መብራት ድረስ መከፈቱን ያረጋግጡ፤ በአንድ ቁልፍ መጫኛ የሚነሱ መኪኖች ላይ ፍሬን ሳይረግጡ ሁለት ጊዜ መጫን ነው አብዛኛውን ጊዜ። ባትሪው ከደከመም ኮምፒውተሮቹ እየወደቁ እየተነሱ የዩ ኮዶችን ይዘረግፋሉ፤ አሥር የዩ ኮድ ያየ ሰው ሞጁል ከማሰቡ በፊት ባትሪና ዲናሞ ይለካ፦ ቆሞ 12.6፣ ሞተሩ ሲሠራ ከ13.5 እስከ 14.7 ቮልት።

ካን ባለው መኪና ላይ ሁሉም ደህና ሆኖ እምቢ ካለ ባትሪውን ፈትተው በ6ኛውና በ14ኛው ፒን መካከል ኦም ይለኩ። መስመሩ ሁለት ጫፍ ላይ ባለ 120 ኦም ሬዚስተር ስላለ 60 አካባቢ መምጣት አለበት። 120 ከመጣ አንዱ ጫፍ ተቆርጧል፤ ወደ ዜሮ ከቀረበ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል ወይም አንድ ሞጁል ውስጡ ተቃጥሏል። የመጨረሻው ሲሆን ሞጁሎቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ቁጥሩ ወደ 60 የሚመለስበትን መፈለግ ነው፤ ጥፋተኛው ራሱ ሬዚስተሩን ከያዙት ከሁለቱ አንዱ ከሆነ ግን ሲነቀል ቁጥሩ ወደ 60 ሳይሆን ወደ 120 ይወጣል። ብዙ መኪኖች ላይ ደግሞ በሶኬቱና በውስጥ መስመሩ መካከል ጌትዌይ ሞጁል ስለሚገባ 60 ሳይመጣ መስመሩ ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ የመኪናውን የሽቦ ንድፍ ሳያዩ እዚህ ላይ አይፍረዱ።